ጥርስና ሐርፍ፦ የጥርሳችን አቀማመጥ ንግግራችንን ምን ያህል ይነካል?

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በኾነው



ባለፈው ዓመት በጀመዓችን የተጅዊድ ሐለቃ ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድም ነበረን። ተራው ሲደርስ አንድ ቀን ጉሮሮውን ያመዋል፣ ሌላ ቀን ፈተና አለብኝ ብሎ ቀደም ብሎ ይወጣል። በአራተኛው ሳምንት ኡስታዛችን አግባብቶ ሱረቱ-ን-ናስን አስቀራው። ሱራዋ ስድስት አንቀጽ ናት፤ ስድስቱም የሚዘጉት በሲን ነው። ስድስቱም ላይ ሲኗ "ሣእ" ሆና ወጣች፤ የምላሱ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርሱ መካከል ብቅ ይል ነበር። ሁለት ልጆች ሳቁ። ወንድማችን ሙስሐፉን ከደነና ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት አልመጣም።

ኡስታዙ ዶርም ድረስ ሄዶ አገኘው። "እስቲ የኋላ ጥርሶችህን ግጠምና ከንፈርህን ገለጥ አድርግ" አለው። መንጋጋው ገጥሞ ሳለ ከፊት ያሉት የላይኛውና የታችኛው ጥርሶቹ ግን አይገናኙም፤ የእስክሪብቶ ጫፍ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ሰነፍ ነው ብሎ ሲወቅስ፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ የመኻሪጅ ትምህርት ሲደጋግም ኖሯል። ነገሩ ልፋት ማነስ ላይሆን እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን እሱ ነው፤ ታሪኩንም የጻፍነው በፈቃዱ ነው። የጥርስ ሕክምና የሚማሩ እህቶቻችንን ጠየቅን፣ የተጅዊድ ኪታቦችንም ገለጥን። ያገኘነውን እነሆ።

ጥርስ ሲናገር

ብዙዎቻችን የምንናገረው በምላሳችን ብቻ ይመስለናል። "ሰ" በሉና ቀስ ብላችሁ አስተውሉ። የምላስ ሁለት ጎኖች ከላይኛው የኋላ ጥርሶች ጋር ይጣበቃሉ፤ በመካከል ጠባብ ቦይ ይቀራል፤ ትንፋሽ በዚያ ቦይ ተስፈንጥሮ ይወጣና የፊት ጥርሶችን ጠርዝ ይመታል። "ሰ" የሚባለው ፉጨት የሚወለደው እዚያ ነው። ስለዚህ በዚህ ድምፅ ላይ ጥርስ አጃቢ ሳይሆን ራሱ መሣሪያ ነው። "ዘ" ያው ሆኖ የጉሮሮ ንዝረት ይጨመርበታል። "ጸ"ም ከዚያው ሰፈር ነው። "ሸ"፣ "ቸ"፣ "ጨ" እና "ጀ" ጥቂት ወደ ኋላ ገባ ይላሉ። ለ"ፈ" የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። "ተ"፣ "ደ"፣ "ጠ" እና "ነ" የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ሲያርፍ ይመጣሉ። "በ" እና "መ" ደግሞ ሁለት ከንፈሮች ሳይቸገሩ መገናኘት አለባቸው፤ ከንፈር የሚገናኘውም ጥርስና መንጋጋ ከፈቀዱለት ነው።

የተጅዊድ ዑለማዎች ይህን ሁሉ ያለ መስታወትና ያለ ራጅ ለይተው አስቀምጠውታል። 32ቱን ጥርሶች በስም ይከፋፍሏቸዋል፦ አራት ሠናያ፣ አራት ረባዒያት፣ አራት አንያብ፣ ሃያ አድራስ። አድራሶቹንም መልሰው አራት ደዋሒክ፣ አሥራ ሁለት ጠዋሒን፣ አራት ነዋጂዝ ብለው ይለዩአቸዋል። ይህ ዝርዝር በተጅዊድ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ብዙዎቻችን "ይህ ለምን ያስፈልገኛል?" ብለን ዘለነው ይሆናል። ግን እስቲ እንቁጠር። ፋ በላይኛው ሠናያ ጠርዝና በታችኛው ከንፈር ነው። ሣእ፣ ዛልና ዟእ በምላስ ጫፍና በላይኛው ሠናያ ጠርዝ ናቸው። ሲን፣ ሷድና ዛይ የምላስ ጫፍ ወደ ታችኛው ሠናያ ቀርቦ በመካከል ጠባብ መንገድ ሲቀር ይወጣሉ፤ የፉጨት ሐርፎች የተባሉትም ለዚህ ነው። ጧእ፣ ዳልና ታእ ከላይኛው ሠናያ ሥር ናቸው። ዷድ የምላስ ጎን ከላይኛው አድራስ ጋር ሲጋጠም ነው። ድድን የሚጠጉትን ላምን፣ ኑንንና ራእን ሳንቆጥር እንኳ 11 ሐርፎች መኽረጃቸው ጥርስን ይጠቅሳል። ኢብኑል ጀዘሪይ (በ833 ዓ.ሂ. የሞቱት) መኻሪጁን 17 አድርገው ሲቆጥሩ፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሲበወይህ 16 ብለዋል፤ በቁጥሩ ቢለያዩም ጥርስን የዘለለ የለም።

አገጣጠም ሲዛባ

ጤናማ በሚባለው አገጣጠም የኋላ ጥርሶች ሲገጥሙ የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው በሁለት ወይም በሦስት ሚሊ ሜትር ቀደም ብሎ፣ የታችኛውን አንድ ሦስተኛ ያህል ሸፍኖ ይቀመጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ አንግል በ1899 (እ.ኤ.አ.) የጥርስ አገጣጠምን በመጀመሪያዎቹ ቋሚ የመንጋጋ ጥርሶች መሠረት በሦስት ምድብ ከፍሎታል፤ ሐኪሞች ዛሬም "ክላስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ሲሉ የምትሰሙት የእርሱን ነው። እኛ ግን በራሳችን ቃል እንሂድ።

ለንግግር ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው የወንድማችን ዓይነት ነው፤ ክፍት አገጣጠም። መንጋጋ ገጥሞ ፊት ለፊት ክፍተት ይቀራል። አየሩን የሚመታው ጠርዝ በቦታው ስለሌለ ምላስ ክፍተቱን ልድፈን ብላ ወደፊት ትወጣለች። ያኔ "ሰ" እና "ዘ" በጥርስ መካከል ይወጣሉ፤ አንዳንዴ "ተ"፣ "ደ"፣ "ነ" እና "ለ" ጭምር። ኮልታፋ የምንለው አንዱ መልኩ ይህ ነው።

ገጣጣ በምንለው፣ የላይኛው ጥርስ በጣም ወደፊት ሲወጣ፣ ሁለቱ ከንፈሮች ለመገናኘት ይቸገራሉ። እንዲህ ያለው ሰው "በ" እና "መ"ን በታችኛው ከንፈርና በላይኛው ጥርስ ሊያወጣቸው ይችላል። የታችኛው መንጋጋ ቀድሞ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ "ፈ" ሲባል የታችኛው ጥርስ የላይኛውን ከንፈር ይነካል። የላይኛው ላንቃ ጠብቦ የጎን ጥርሶች ተሻግረው ሲገጥሙ አየር በምላስ ጎን ሊያመልጥ ይችላል፤ ያኔ "ሰ" እና "ሸ" ውሃ ያዘሉ ይመስላሉ። ፍንጭት አልፎ አልፎ ቀጭን ፉጨት ይጨምር እንደሆነ እንጂ አብዛኞቹን ፍንጭቶች አያስቸግርም፤ ፍንጭት እንደ ውበት በሚታይበት አገራችን ይህን ማለት ሳያስፈልግ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን መናገር እንፈልጋለን። የጥርስ አቀማመጥ ብቻውን የአንድን ሰው ንግግር አይወስንም። በጣም የተደራረበ ወይም የገጠጠ ጥርስ ይዘው ቃላቸው እንደ መስታወት የጠራ ሰዎች ሞልተዋል። ምላስ ብልህ ናት፤ ከልጅነት ጀምሮ በተሰጣት ቤት ውስጥ መኖርን ትለምዳለች። በሌላ በኩል ጥርሱ እንደ ዶቃ የተሰደረ ሆኖ የሚኮላተፍ አለ። መዛባቱ ከፍ ባለ ቁጥር የችግሩ ዕድል ይጨምራል፤ ከዚህ አልፎ "ጥርስህ እንዲህ ስለሆነ ንግግርህ እንዲህ ነው" የሚል ቀመር የለም። መንተባተብ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቃሉን ለመጀመር የሚታገል፣ ፊደሉን የሚደጋግም ተብታባ ወንድም ካላችሁ ወደ ጥርስ ሐኪም አትላኩት፤ መንተባተብ ከጥርስ አይመጣም።

ጥርስና ድምፅ ምን ያህል እንደተሳሰሩ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጨምር። ቻርልስ ሆኬት የተባለ የቋንቋ ሊቅ በ1985 (እ.ኤ.አ.) እንደ "ፈ" ያሉ ድምፆች የተስፋፉት ሰው እርሻ ጀምሮ ለስላሳ ምግብ መብላት ከያዘ በኋላ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጠጣር ምግብ የሚያኝክ ሰው ሲያድግ የላይና የታች ጥርሱ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል፤ በዚያ አገጣጠም ደግሞ "ፈ" ማለት አድካሚ ነው። በ2019 ዳሚያን ብላሲና ባልደረቦቹ "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ ይህን ሐሳብ የሚደግፍ ጥናት አወጡ፤ የላይኛው ጥርስ ቀደም ሲል "ፈ"ን ለማለት የሚያስፈልገው የጡንቻ ጉልበት በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በስሌት አሳይተዋል። ሁሉም የቋንቋ ሊቅ አልተቀበለውም፤ ቢሆንም እንጀራውን ስንጎርስ ልናስብበት የሚያዝናና ነገር ነው።

አማርኛ የሚሸፍነው፣ ዐረብኛ የሚገልጠው

ወንድማችን ሃያ ዓመት ሙሉ በአማርኛ ሲናገር ማንም "ተሳስተሃል" አላለውም። ለምን? አማርኛ ውስጥ ሣእ የለችም። "ሰላም" ሲል ምላሱ ብታመልጥም ሰሚው ሌላ ቃል ሊያስብ አይችልም፤ ጆሮው አርሞ "ሰ" ብሎ ይቀበለዋል። ዐረብኛ ግን ሲንንና ሣእን ሁለት የተለያዩ ሐርፎች አድርጎ ይዟቸዋል፤ ዛይንና ዛልንም እንዲሁ። ስለዚህ አማርኛ ለሃያ ዓመት ይቅር ያለውን ምላስ የተጅዊድ ሐለቃ በአንድ ቀን ያጋልጠዋል። በግቢያችን ብዙ እህትና ወንድሞች ችግሩን መጀመሪያ የሚያውቁት ቁርኣን ፊት ሲቀመጡ የሆነው ለዚህ ይመስለናል። የሚያሳዝነውም ያፈሩበት ቦታ ያው መሆኑ ነው።

ይሁንና የተበላሸ ሐርፍ ሁሉ የጥርስ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ጧእን እንደ "ጠ"፣ ቃፍን እንደ "ቀ" ያፈነዳቸዋል፤ ሣእን ደግሞ "ሰ" ያደርጋታል። ይህ የለመደው ቋንቋ ተጽዕኖ ነው። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያደገ ሶማሊኛ ተናጋሪ ወንድማችን ሐእንና ዓይንን ያለ ችግር ያወጣል፤ ሶማሊኛ ሁለቱም አሉት። ዛይ ላይ ግን ወደ ሲን ሊያዘነብል ይችላል፤ ሶማሊኛ "ዘ" ስለሌለው። በአፋን ኦሮሞም "ዘ" የሚገኘው በውሰት ቃላት ነው። በአማርኛም "ፀሐይ"ን "ጠሐይ" የሚል የገጠር ሰው ምላሱ ጤነኛ ነው፤ የአገሩ አነጋገር ነው።

መለያው ቀላል ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋህ "ሰ" ስትል ምላስህ ከጥርስህ ኋላ ከተቀመጠችና ሣእ ላይ ብቻ ከተቸገርክ፣ የሚያስፈልግህ ልምምድ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋህም "ሰባ ሰባት" ስትል ምላስህ ብቅ የምትል ከሆነ ግን መስታወት አምጣ።

ስለ ቢላል የሚባለው

ይህ ርዕስ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። ቢላል (ረ.ዐ.) ሐበሻ ስለነበሩ "ሺን" ማለት አቅቷቸው በአዛን ላይ "አስሀዱ" ይሉ ነበር፣ የቢላል ሲን አላህ ዘንድ ሺን ናት ይባላል። ታሪኩ ለሚኮላተፍ ሰው መጽናኛ ስለሆነ እኛም ደጋግመን ተናግረነዋል። ነገር ግን መሠረት የለውም። የሐዲስ ሊቁ አል-ሚዚይ በሰው አፍ የሚዞር እንጂ በኪታብ ያላዩት መሆኑን ተናግረዋል፤ ተማሪያቸው ኢብኑ ከሢርም መሠረት እንደሌለው ጽፈዋል። በአቡ ዳውድ የተዘገበው ሐዲስ የሚነግረን ተቃራኒውን ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዛኑን በሕልሙ ያየው ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ ለቢላል እንዲያስተምረው ያዘዙት የቢላል ድምፅ ይበልጥ የሚያስተጋባ በመሆኑ ነው። ሐበሻ "ሸ" ማለት ያቅተዋል ብሎ ማን አሰበው? በቋንቋችን "ሸ" ሞልቶ የለም እንዴ!

መጽናኛ ለሚፈልግ ሰው የተረጋገጠው ይበቃል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዲስ፣ ቁርኣንን እየከበደውና እየተደነቃቀፈ የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ተነግሯል።

ጥርስና አንደበት በቀደሙት ዘንድ

በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው በበድር ዘመቻ (2 ዓ.ሂ.) ከተማረኩት አንዱ የቁረይሽ ኸጢብ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) የፊት ሠናያዎቹ ይነቀሉና ዳግመኛ በንግግሩ እንዳይነሳብን አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውን አካል ማጉደል እንደማይፈቅዱ ገልጸው፣ አንድ ቀን የማይነቀፍበት ቦታ ላይ ሊቆም እንደሚችል አመለከቱ። ከዓመታት በኋላ፣ በነቢዩ ሞት ጊዜ፣ መካ ውስጥ ሰዎች ሲናወጡ ቆሞ በንግግሩ ያጸናቸው ያው ሱሀይል ነበር። እኛን እዚህ ላይ የሳበን ሌላም ነገር አለ፤ የፊት ጥርስ ሲጠፋ አንደበት እንደሚሰናከል በዚያ ዘመን የታወቀ ነገር መሆኑ።

የበስራው ጸሐፊ አል-ጃሒዝ (በ255 ዓ.ሂ. የሞተው) "አል-በያን ወት-ተብዪን" በተባለው መጽሐፉ የምላስ እንከኖችን በሰፊው ተንትኗል። "ራእ" ማለት ስለማይሆንለት ሐርፏን ከንግግሩ ሙሉ በሙሉ አስወግዶ ይናገር የነበረውን ዋሲል ኢብኑ ዐጧእንም ያነሳል፤ በዐቂዳው ባንስማማም ችሎታው ያስደንቃል። ለርዕሳችን የሚጠቅመው ግን ስለ ጥርስ ያለው ነው። ጥርስ ሁሉ ቢረግፍ፣ አብዛኛው ረግፎ አንዱ ወገን ከሌላው ጋር ሳይገጥም ከሚቀር ይልቅ ሐርፍን ለመግለጽ እንደሚሻል፣ ይህም በልምድ የተረጋገጠ እንደሆነ ይናገራል። ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ አስተውሎት ነው። ጉዳዩ የጥርስ ቁጥር ሳይሆን የላይና የታቹ መስማማት እንደሆነ የዛሬዎቹ ሐኪሞችም ይነግሩናል።

ከየት ይመጣል?

ግማሹ ውርስ ነው፤ የአባት መንጋጋና የእናት ጥርስ። የቀረው ከልጅነት ነው። ከአራት ዓመት በኋላም የሚቀጥል ጣት መጥባትና ጡጦ የፊት ጥርስን ይከፍታል። በአፍንጫ መታፈን የተነሳ ሁልጊዜ በአፍ መተንፈስም ይጠቀሳል። የወተት ጥርስ "ለሚወድቅ ነው" ተብሎ በልቶት ቀድሞ ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ይጋደሉና ቋሚው ጥርስ መውጫ ያጣል፤ ድርብ ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው።

በአገራችን ደግሞ ሁለት የራሳችን ጣጣዎች አሉ። አንደኛው ግግ ማውጣት ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያስመልሰው ምክንያቱ ድዱ ውስጥ ያበጠው "ግግ" ነው ተብሎ በስለት ተቆፍሮ ይወጣል። የሚወጣው ትል ወይም በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የክራንቻ እንቡጥ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥ አብሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ልጁ አድጎ ክራንቻው ሳይወጣ ይቀራል፣ ወይም ተጣምሞ ይወጣል፣ የጎን ጥርሶቹም ይዛባሉ። ሁለተኛው እንጥል ማስቆረጥ ነው። እንጥሉ የተቆረጠ ሰው ሁሉ ንግግሩ ይለወጣል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ስለቱ ለስላሳውን ላንቃ ከነካ አየር በአፍንጫ እያመለጠ ድምፁ ይነፍናፋል። ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ይቆጥራቸዋል። ለበዓል ወደየቤታችን ስንሄድ ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን ልንነግራቸው የሚገባው ይህ ነው፤ ሕፃኑን የሚያድነው ኦ.አር.ኤስ. እና ጤና ጣቢያ ነው።

ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የሚወለዱ ልጆች ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው፤ ጥርሳቸውም አገጣጠማቸውም ንግግራቸውም ባንድነት ይነካል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው፤ "ስማይል ትሬይን" የተባለው ድርጅት በሚያግዘው ቀዶ ሕክምና ወላጆች አይከፍሉም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የንግግር ሕክምና ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ በዲግሪ ማስተማር የጀመረው በቅርብ ዓመታት ስለሆነ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። የትምህርት መስክ ለምትመርጡ ታናናሾቻችን ይህ ጥቆማ ይሁን።

ሽቦ ማሰር ይፈቀዳል?

ብሬስ የምንለውን የጥርስ ሽቦ በተመለከተ ከእህቶች ዘንድ ተደጋግሞ የመጣ ጥያቄ አለ፤ "የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?" የሚል። ምንጩ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚያፈነጩ ሴቶች የተወገዙበት ሐዲስ ነው። በዚያ ዘመን ጥርስን በሞረድ እየሞረዱ ፍንጭት መሥራት የተለመደ ነበር። ኢማም አን-ነወዊይ በሙስሊም ሸርሕ ላይ "ለውበት" የሚለውን ቃል ይዘው፣ ለሕክምና ወይም ለጥርስ እንከን ከሆነ ግን ችግር እንደሌለው ያብራራሉ። አፍንጫው በጦርነት የተቆረጠው ዐርፈጃ (ረ.ዐ.) ከወርቅ አፍንጫ እንዲያሠራ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መፈቀዱም በዚሁ ጉዳይ ላይ ይጠቀሳል። ማኘክ ወይም መናገር የሚያስቸግር አገጣጠምን ማስተካከል ሕክምና ነው። ጤናማ ፍንጭትን ለፋሽን መዝጋት ወይም መክፈት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ላይ እኛ ፈትዋ አንሰጥም፣ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ።

የኢማምነት ጉዳይም እንዲሁ። በሻፊዒይ ኪታቦች በፋቲሓ ውስጥ አንዱን ሐርፍ ወደ ሌላ የሚለውጥ ሰውና ሐርፉ ከመሠረቱ ሳይለወጥ ጥቂት የሚኮላተፍ ሰው ተለይተው ይታያሉ፤ ሁለተኛውን ምንም አይጎዳውም። ለራስ ሶላት ግን አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድዳትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ በክፍልህ ውስጥ የምትሠራው አለ። መስታወት ፊት የኋላ ጥርስህን ግጠም፤ የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ይሸፍናል? ይነካካሉ? ቀጥሎ ስልክህን ከፍተህ "ሰባ ሰባት"፣ "ዘነዘና"፣ "ጸጸት" እያልክ ፊትህን ቅረጽ። ከዚያ ሱረቱ-ን-ናስን ቅራ። ምላስህ የምትታይበትን ቦታ ራስህ ታያለህ። አድልዎ እንዳይኖር ለጓደኛ ማሳየትም ይሻላል።

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አትላስ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት ባለው መንገድ የጥርስ ክሊኒክ ሰሌዳ ሞልቷል። ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሌም የሚያበራ ፈገግታ ነው፤ ስለ ድምፅ የሚያወራ አላየንም። ስለዚህ ስትገቡ "ንግግሬ ላይ ችግር አለ" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ጥርስ የሚያቃና ስፔሻሊስት፣ ኦርቶዶንቲስት የሚባለው፣ መኖሩንም ጠይቁ። ወንድማችን መጀመሪያ የሄደበት አንድ ቤት የፊት ጥርሶቹን ሞርዶ በሳምንት ውስጥ በነጭ ሽፋን ሊያሳምርለት ነበር። ሽፋን ጥርስን ያሳምራል እንጂ መንጋጋን አያገጣጥምም። ዋጋው ለተማሪ ከባድ መሆኑን አንደብቅም፤ በመንግሥት ሆስፒታሎች የጥርስ ክፍል ወረፋው ቢረዝምም ምርመራውን ከዚያ መጀመር ያዋጣል። በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚታየው በራስ እጅ ላስቲክ ጥርስ ላይ ማሰርን ግን አደራ! ላስቲኩ ድድ ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ጤነኛ ጥርስ ያስነቅላል።

ሽቦው የሚሠራው ቀላል ግን የማያቋርጥ ግፊት በማድረግ ነው፤ ጥርሱ በሚገፋበት በኩል አጥንት ይሟሟል፣ በተወው በኩል ይተካል። ስለዚህ አይቸኩልም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዕድሜ አልፎኛል የምትሉ፣ አላለፋችሁም፤ ጥርስ በአዋቂም ይንቀሳቀሳል። ዕድገቱን የጨረሰ መንጋጋ በጣም ከተዛባ ግን ቀዶ ሕክምና ሊጨመር ይችላል። ሽቦው የታሰረ ሰሞን ንግግር ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይብሳል፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ያፈጥነዋል። ጥርሱ ከተቃና በኋላም ምላስ የድሮ መንገዷን ታስታውሳለች። ወደፊት የመውጣት ልማዷ ካልተቀየረ ክፍተቱ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ልምምዱ ከሽቦው ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ወንድማችን አሁን ሽቦውን ካሰረ ሰባተኛ ወሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት "ሸ" እንኳ ጠፍቶበት ነበር። ክፍተቱ ገና አልተዘጋም፤ ከስድስቱ ናስ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ላይ ግን ሲኗ ሲን ሆናለች። ያን ቀን የሳቁት ሁለቱ ልጆች ይቅርታ ጠይቀውታል፤ አንደኛው የልምምድ ጓደኛው ሆኖ በየማታው ከዒሻእ በኋላ ይሰማዋል።

ሐለቃው እንደተለመደው ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ ነው፤ የእህቶች ሐሙስ። ጮክ ብሎ መቅራት የሚያሳፍረው ሰው ካለ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይምጣ፤ ኡስታዙ ብቻውን ይጠብቀዋል። ወሏሁ አዕለም።